የመኪናዬ ካሜራ የመሰከረብኝ እሁድ

መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን አወራለሁ። በልቤ ሳይሆን በአፌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከጅምላ ሻጭ ጋር የምከራከረው፣ ለትራፊክ ፖሊስ መልስ የማዘጋጀው፣ ለእናቴ በስልክ የምነግራትን የምለማመደው መሪ ጨብጬ ነው። ብዙ ሰው እንዲህ እንደሚያደርግ ኋላ ላይ ሰምቻለሁ። የሌላው ሰው ወሬ ግን አየር ላይ ተበትኖ ይቀራል። የእኔው ተቀድቶ፣ ያውም በትልልቅ ስፒከር፣ ሦስት መቶ በሚሆን ሕዝብ ፊት ተሰማ።

ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ስሜ ጴጥሮስ ነው፤ የሆሳዕና ልጅ ነኝ። ጆሃንስበርግ ከገባሁ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ሥራዬ ከጀርሚስተን የጅምላ መደብሮች ዱቄት፣ ዘይትና ለስላሳ እየጫንኩ ስፓዛ ለከፈቱ የአገሬ ልጆች ማድረስ ነው፤ ስፓዛ የምንለው በየሰፈሩ ያለውን ትንሽ ሱቅ ነው። የምጭንባት ባኪ፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነች ነጭ መኪና፣ ከጀርሚስተን እስከ ሶዌቶ ከእኔ በላይ ትታወቃለች።

የምትታወቀው ደግሞ በካሜራዋ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ታክሲ መብራት ጥሶ ገጨኝና ጥፋተኛው እኔ ሆኜ አረፍኩት። ታክሲው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ለሹፌሩ መሰከረ፤ የእኔ ምስክር የዱቄት ከረጢት ብቻ ነበር። በማግስቱ የፊት መስታወቱ ላይ የምትለጠፍ፣ መንገዱን የምትቀዳ ትንሽ ካሜራ ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ያለሷ ሱቅ ድረስ እንኳ አልነዳም፤ ሰውም "ጴጥሮስ ካሜራ" ይለኝ ጀመር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

አሁን ወደ ማርታ ልምጣ። ማርታ ጀርሚስተን ውስጥ የራሷ ስፓዛ አላት፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናችን ሕፃናትን ታስተምራለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ወድጃት አንድ ቃል አልወጣኝም። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ መላክ አለ፤ እኔ ግን ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ልቧን ማወቅ ፈለግሁ። ልቧን ለማወቅ ደግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ነገሩ የሚቆመው እዚያ ላይ ነበር። ዕቃ ላደርስላት እሄዳለሁ፣ ስለ ዘይት ዋጋ እናወራለን፣ ተመልሼ መኪና ውስጥ ስገባ ራሴን እሰድባለሁ።

አንድ ቀን ከመደብር ወደ ሱቋ ሳደርሳት ስልኳ ጮኸ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ትንሽ አወራችና ዘግታ ማልቀስ ጀመረች። ደንግጬ ፍሬን ረገጥኩና ዳር ያዝኩ። እንባዋን ጠርጋ ዱራሜ እናቷ ዘንድ ልጅ እንዳለቻት ነገረችኝ። ሊድያ ትባላለች፤ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አባቷ ገና ሳትወለድ ክዷታል። ቤተሰቦቿ ወደዚህ አገር ሲልኳት "ሰው ካወቀ ትዳርም ክብርም የለሽም" ብለው አፏን አስዘግተው ነው የሸኟት። "ከአንተ በቀር እዚህ የሚያውቅ የለም" አለችኝ። ለማንም ትንፍሽ እንደማልል ማልኩላት። የማልኩትም ከልቤ ነበር።

በዚሁ ሰሞን ጀርመን የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ሳሙኤል ሠርግ ደረሰ። ፔፐሬ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ማለት ነው፣ ተስተካክሎ፣ ቪዛውም ወጥቶ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልበር ነው። ከሠርጉ በኋላ መኪና ተከራይተን፣ እኔ እየነዳሁ፣ በኦስትሪያ በኩል ጣሊያን ድረስ ልንዘልቅ ተስማምተናል። ምን ይዤ ልሂድ ብዬ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ ያለችኝ ካሜራዬ ነበረች። ለሳሙኤል በስልክ ስነግረው ሳቀ፤ ቀጥሎ ግን ኮስተር ብሎ ያስተምረኝ ጀመር።

ጀርመን ውስጥ ካሜራ መያዝ አይከለከልም አለኝ። ግን ቀኑን ሙሉ ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ የሚያስቀምጥ መሆን የለበትም፤ አጭር አጭር እየቀዳ የፊቱን በራሱ የሚያጠፋ፣ አደጋ ሲደርስ ብቻ የሚያስቀር ይሁን። መስታወቱ ላይ ስትለጥፈው እይታህን እንዳይከልል። የሰው ፊትና የመኪና ታርጋ የሚታይበትን ቪዲዮ አውጥተህ ለሕዝብ እንዳታሳይ። መኪና ውስጥ የሰውን ንግግር ሳያስፈቅዱ መቅዳት ደግሞ ወንጀል ሆኖ ሊያስጠይቅህ ይችላል። ኦስትሪያ ከዚህም ትጠብቃለች፤ ድንበሩ ጋ ሳንደርስ ነቅለህ ሻንጣ ውስጥ ትከታታለህ። አገሩ ሁሉ የየራሱ ሕግ ስላለው ከመምጣትህ በፊት የምናልፍበትን ሁሉ አጣራ።

እኔ ሳቅሁበት። ምስክር ለመመስከር የአላፊ አግዳሚውን ፈቃድ የሚጠይቅበት አገር ሰምቼ አላውቅም አልኩት። ሳሙኤል ግን አልሳቀም። "ካሜራህ የሚያየው አንተን የገጨህን ሰው ብቻ አይደለም" አለኝ። "ከሁሉ በፊት ድምፁን አጥፋው።" እሺ አልኩት። እሺ ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ማድረጉ ነው ጊዜ የሚፈልገው።

አርብ ከሰዓት ባኪዬን ሞልቼ ወደ ሶዌቶ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ነበርኩ። ከጉዞዬ በፊት ማርታን መጠየቅ አለብኝ ብዬ ቆርጬ ስለነበር ልምምዱን ተያይዤዋለሁ። ከፊቴ የብረት ቱቦ የጫነ ትልቅ መኪና ይሄዳል። ንግግሬ መሐል ላይ ደርሼ፣ ራሴ በራሴ ንግግር ልቤ ተነክቶ ሳለ፣ የጭነቱ ማሰሪያ ተበጠሰ። ቱቦዎቹ አስፋልቱ ላይ እየነጠሩ ወደ እኔ መጡ። እንዴት እንደጠመዘዝኩት አላውቅም። ባኪዋ በሁለት ጎማ ሄዳ፣ የመንገዱን ዳር ይዛ፣ ከብረት አጥሩ አንድ ክንድ ሲቀራት ቆመች። አንዱ ቱቦ እኔ በነበርኩበት መስመር ላይ እየተንከባለለ አለፈ።

የጭነት መኪናው ሹፌር እየሮጠ መጥቶ በመስኮት አየኝ። "ኤይሽ፣ ምፎዌቱ" አለ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ሁለታችንም አስፋልት ዳር ተቀምጠን ከጫንኩት ለስላሳ አንድ አንድ ጠጣን። 

በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከሞት ያመለጠ ሰው እሁድ መድረክ ላይ ወጥቶ ካልመሰከረ ጌታን እንደሰረቀ ይቆጠራል። እኔ ደግሞ ቪዲዮ ያለኝ ሰው ነኝ። ምስክርነቱን በስክሪን አሳያለሁ ብዬ ወሰንኩ። የሳሙኤል ሕግ ትዝ ሲለኝ፣ ወደፊት ስለሚጠቅመኝ ከአሁኑ ልለማመደው አልኩ። እንግዲህ ትጉነቴን ተመልከቱ፤ የአውሮፓን ሕግ ጆሃንስበርግ ላይ የሚያከብር ሰው ሆንኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ዱርንፎንቴን የሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ የሠርግ ካርድ የምታትም ትዕግሥት የምትባል ወዳጃችን ጋ ሄድኩ። ኮምፒውተሯ ላይ ቪዲዮውን ከፍታ የጭነት መኪናውን ታርጋ አደበዘዘችልኝ፤ የሹፌሩን ፊት አደበዘዘችልኝ፤ በአጠገባችን ያለፈውን የታክሲ ታርጋ ሳይቀር ደፈንን። ኮምፒውተሯ ስፒከር አልነበረውም። ከቱቦው መውደቅ በፊት ያሉትን ሁለት ደቂቃዎች ልትቆርጥ ስትል ከለከልኳት፤ ሰው መንገዱን ካላየ አደጋው አይገባውም አልኩ።

"ድምፁስ?" አለችኝ ትዕግሥት። "ልተወው ወይስ ላጥፋው?"

"የፍሬኑ ድምፅ ይሰማ እንጂ። ሌላ ሰው አልነበረም፤ ብቻዬን ነበርኩ።"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል የአገሬ ሰው። ብቻዬን ከነበርኩ የማስፈቅደው ሰው የለም፣ ሰው ከሌለ ጥፋት የለም ብዬ አሰብኩ። በዚያ ሰዓት ምን እያወራሁ እንደነበር አልረሳሁትም፤ ካሜራዋ ጆሮ እንዳላት ነው ያላሰብኩት።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማርታ ከሕፃናቱ ጋር በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ተራዬ ሲደርስ ማይክ ይዤ ወጣሁና ሕዝቡን ማሟሟቁን ተያያዝኩት። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ጨማመርኩ። "ልቤን ወደ ጌታ አንስቼ እየጸለይኩ ስነዳ ነበር" አልኩ። ሰው "አሜን" አለ። ድምፅ ተቆጣጣሪው ዳንኤል ቪዲዮውን ለቀቀው። እኔ ፊቴን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባዬን ወደ ስክሪኑ አድርጌ ቆሜያለሁ።

"ማርታ፣ ስሚኝ" አለ ከአራቱም ስፒከር የወጣ ድምፅ። "ቆንጆ እንዳልሆንኩ አውቃለሁ። አባቴም ቆንጆ አልነበረም፤ እናቴን ግን አርባ ዓመት አስቋታል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የገዛ ድምፄ መሆኑን ለማወቅ ከሁሉም ሰው የዘገየሁት እኔ ነኝ። ፓስተራችን አፉን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሸፈነ፤ ዳንኤል ጭራሽ ድምፁን ከፍ አደረገው። እኔም ሳላስበው ፈገግ አልኩ፤ በቃ፣ ጥያቄ እንዲህም ይቀርባል ማለት ነው ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ከዚያ የሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ትዝ አለኝ። ወደ ዳንኤል ሮጥኩ፤ ግን በእኔና በእሱ መካከል ከበሮና ጊታር ነበር።

"ስለ ሊድያ አታስቢ" አለ ድምፄ። "ልጅሽ ልጄ ናት። ከዱራሜ እናመጣታለን። አባቷ ቢክዳት እኔ አልክዳትም።"

ገመዱን ስነቅለው ሳቁ ቆሟል።  ማርታ ተነሳች። ቦርሳዋን ያዘች፣ የአንዲትን ሕፃን የተፈታ የጫማ ማሰሪያ ጎንበስ ብላ አሰረች፣ ከዚያ ማንንም ሳታይ በመሐል መተላለፊያው ወጣች። ተከትያት ስወጣ ታክሲ ውስጥ ገብታ በሩ ሲዘጋ ደረስኩ።

ጀርሚስተን ስደርስ ሱቋን ከፍታለች። የእኛ ሱቆች የሚሸጡት ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነው ነው፤ በፍርግርጉ በኩል ለአንዲት አሮጊት ዳቦ ሰጥታ መልሷን ቆጠረችላት። ቀጥሎ ወደ እኔ ዞራ "ምን ልስጥህ?" አለችኝ፣ ለማንኛውም ደንበኛ በምትለው ድምፅ።

"ካሜራው ነው…" ብዬ ጀመርኩ።

"ካሜራውን ተወው። እኔ የነገርኩት ለካሜራው አይደለም።"

"ብቻዬን ነበርኩ፣ ማርታ። ለማንም አልተናገርኩም።"

"ብቻህን አልነበርክም" አለች። "እኔን ይዘኸኝ ነበር። ልጄንም ይዘሃት ነበር።"

  ነገ እናቷ እንደምትሰማ፣ ከነገ ወዲያ ዱራሜ ሁሉ እንደሚሰማ፣ ሊድያ ትምህርት ቤት ስትሄድ ልጆች ምን እንደሚሏት አስቤ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ስለ ራሷ አንድም ነገር አላለችም። የመጨረሻው ቃሏ "ደንበኛ ቆሟል፣ ዞር በል" የሚል ነበር፤ ከኋላዬ ግን ማንም አልነበረም።

ሰኞ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ኤርሲዶ ደወሉልኝ። ጋሽ ኤርሲዶ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሳይመዝኑ የማይናገሩ፣ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ አዛውንት ናቸው። ማርታ ልጆች ማስተማሯን ትቀጥል ወይስ ታቁም የሚለውን ለማየት ረቡዕ ሽማግሌዎች ሊሰበሰቡ ነው። "በወሬ ከምንፈርድባት በማስረጃ ይሁን" አሉኝ። "ቪዲዮውን ላክልኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንስማው።"

እሺ ባይ ነኝ ብያችኋለሁ። ከአፌ "እሺ ጋሼ" ወጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ካሜራዋን ትኩር ብዬ አየኋት። የገዛኋት ታክሲ ሲገጨኝ እንድትመሰክርልኝ ነበር፤ አሁን አንዲት እናት ላይ ልትመሰክር ነው። የሳሙኤል አነጋገር ያኔ ገባኝ። ሕጉ የሚጠብቀው ለካ መኪና ውስጥ ያለውን ሰው ብቻ አልነበረም።

ማክሰኞ ሥራዬን ትቼ ቪዲዮውን ሳሳድድ ዋልኩ። ዱርንፎንቴን ሄጄ ከትዕግሥት ኮምፒውተር አጠፋን። ዳንኤል ቤት ሄጄ ከላፕቶፑ አጠፋን፤ ዳንኤል ድምፁን ከፍ ያደረገበት እጁን እያየ ይቅርታ ሲለኝ ነበር። በመጨረሻ የራሴን ሚሞሪ ካርድ ከፈትኩ፤ ይህን ጊዜ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ። አሮጌው ሁሉ በአዲሱ ተተክቷል፤ ድንገት ፍሬን የረገጥኩባቸውን ግን ካሜራዋ አደጋ መስሏት ለይታ አስቀምጣቸዋለች። ከእነሱ አንዱን ስከፍት የማርታን ለቅሶ ሰማሁ። ያን ዳር ይዤ የቆምኩበትን ቀን። ምስሉ ባዶ መንገድ ነው፤ ድምፁ የእሷ ነው።

ሦስት ሰከንድ ያህል ሰምቼ ዘጋሁት። ሁሉንም አጠፋሁና ካርዱን በመዶሻ ቀጠቀጥኩት። ቀጥቅጬው ስጨርስ አለቀስኩ፤ ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ረቡዕ አምስት ሽማግሌዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ጋሽ ኤርሲዶ ቪዲዮውን ጠየቁኝ። የለም አልኩ። የት ሄደ ሲሉ አጠፋሁት አልኩ። እሺ ብለህ አልነበረም ወይ አሉኝ፤ ብዬ ነበር፣ ዋሽቻለሁ፣ አርብም እየጸለይኩ ነበር ብዬ መድረክ ላይ ዋሽቻለሁ፣ ቅጣት ካለ ለእኔ ይሁን አልኩ። ጋሽ ኤርሲዶ መነጽራቸውን አውልቀው ሊናገሩ ሲሉ በሩ ተከፈተና ማርታ ገባች። አልጠሯትም ነበር። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

"ከቪዲዮው ልትሰሙ የፈለጋችሁትን ከእኔ ስሙት" አለች። "ልጅ አለችኝ። ስሟ ሊድያ ነው። አሁን ጠይቁኝ።"

 ጋሽ ኤርሲዶ፣ ቀስ ብለው፣ እንደ አባት፣ "ለምን ደበቅሽን ልጄ?" አሏት።

"ስለምትሰበሰቡ ነው፣ ጋሼ።"

ጋሽ ኤርሲዶ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፣ ደግሞ አወለቁ። ሌሎቹን አራቱን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ተነሱና "እንጸልይና እንበተን፤ የምንሰበሰብበት ጉዳይ አልነበረም" አሉ። ጸሎቱም አጭር ነበር፤ ጋሽ ኤርሲዶን ለሚያውቅ ይህ ራሱ ተአምር ነው።

ውጭ፣ የመኪና ማቆሚያው ላይ፣ ማርታ ባኪዬ አጠገብ ቆማ ጠበቀችኝ። መስታወቱን አየች፤ ካሜራዋ የነበረችበት ቦታ ላይ የሙጫው ክብ ብቻ ቀርቷል። እሁድ ማታ እናቷ ጋ ራሷ ደውላ፣ ሰው ከመናገሩ በፊት ምስጢሩ መውጣቱን እንደነገረቻት አጫወተችኝ። እናቷ መጀመሪያ ጮኸች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ በመጨረሻ "እኔስ መደበቁ ደክሞኝ ነበር" አለች። ቀጥላ ማርታ እኔን ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ለጌታ ነገርክ፣ ለመንገዱ ነገርክ፣ ለሕዝቡ ሁሉ ነገርክ" አለች። "ለእኔ እስካሁን አንድ ቃል አልነገርከኝም።"

"አሁን ልንገርሽ?"

"አሁን አይሆንም። አሁን ተናድጃለሁ። ከጀርመን ስትመለስ።"

በሚቀጥለው እሁድ ስለ ሊድያ ለሕፃናቱ ራሷ ነገረቻቸው። አዋቂው ሁሉ ልጆቹ ምን ይሉ ይሆን ብሎ ተጨንቆ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ እጇን አውጥታ "ታዲያ ለምን አላመጣሻትም? እዚህ ቦታ አለ" አለችና አጠገቧ ያለውን ወንበር አሳየች። ሌላ ጥያቄ አልነበረም።

እኔም ጀርመን ሄድኩ፤ ሳሙኤልን ዳርኩ። አዲስ ካሜራ ይዤ ነበር። ከመነሳታችን በፊት ሳሙኤል ድምፁን መዝጋቴን፣ አጭር አጭር እየቀዳ እንደሚያጠፋ፣ ከእይታዬ ውጪ መለጠፉን አጣራ። ሚስቱን ካሜራ እንዳለ ነገርናት፤ ቅር አላላትም። ኦስትሪያ ድንበር አካባቢ ነዳጅ ማደያ ገብቼ ነቀልኩትና ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። የዚያን አገር ተራራ ያለ አንዳች ምስክር ነዳሁት። ከሁሉ የገረመኝ ግን ዝም ብዬ መንዳቴ ነው፤ የምለማመደው ነገር ነበረኝ፣ በልቤ ተለማመድኩት።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መኪናችሁ ላይ ካሜራ ካላችሁ አልወቅሳችሁም። እኔም ዛሬ አለኝ፤ ጆሃንስበርግ ውስጥ ያለሱ አልነዳም፣ ታክሲዎቹ አሁንም ያው ናቸው። ውጭ አገር ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ የምታልፉበትን አገር ሁሉ ሕግ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ሕጉ ሲከብዳችሁ እንደኔ አትሳቁበት። ሕግ ባይኖርም እንኳ አንድ ነገር ለራሳችሁ ጠይቁ፤ ብቻዬን ነኝ ስትሉ ማንን ይዛችሁ እየሄዳችሁ ነው? የሰው ምስጢር የያዘ ሰው ብቻውን ሆኖ አያውቅም። እኔ ይህን የተማርኩት በሌላ ሰው ሕመም ነው፤ ማርታ ይቅር ብላኛለች፣ እኔ ራሴን ይቅር ያልኩት ግን በከፊል ነው።

ከጀርመን እንደተመለስኩ ምን እንዳልኳትና ምን እንደመለሰችልኝ የእኛ ይሁን። ውጤቱን ግን ልንገራችሁ፤ ተጋባን። ሽማግሌ ሆነው የሄዱልኝ ጋሽ ኤርሲዶ ናቸው። የሊድያ ፔፐር ወራት ፈጀ። የመጣች ቀን ኤርፖርት ገና ሳይነጋ ደርሰን ጠበቅን። አንዲት የአገራችን ሴት በአደራ ይዛት ወጣች፤ ቀጭን፣ ፀጉሯ በጥንቃቄ የተሠራ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ በሁለት እጇ የያዘች ልጅ።

ማርታ ሮጣ ሄዳ ተንበረከከችላት። ሊድያ አቀፈቻት፤ ከዚያ ዙሪያዋን አየችና በጆሮዋ አንሾካሾከችላት። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ ሰማሁ። ዱራሜ እያለች በስልክ ሲያገናኟቸው፣ ሰው አጠገብ ካለ እናቷን "እትዬ" ብላ እንድትጠራ አስተምረዋት ነበር።

"እዚህ ሰው አለ" አለች። "ምን ብዬ ልጥራሽ?"

 ማርታ የልጅቷን ፊት በሁለት እጇ ይዛ "እማዬ በይኝ፤ ጮክ ብለሽ" አለቻት።

ሊድያ ወደ እኔ አየች፣ ወደ ሰዉ አየች፣ አየር ሳበችና ጮክ ብላ ጠራቻት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ማርታ "ድገሚው" አለቻት።